ነጋዴ ወደ ጃፓን ሲሄድ ባለቤቱን ይዞ ቢሄድ

ባለፈው ሰሞን በገንዳ ውኃ ከተማ የሰሊጥ ነጋዴዎች ተሰብስበን ስለ ውጭ ገበያ ስንመካከር፣ በዕድሜም በሥራ ልምድም የሚበልጡን አንድ የተከበሩ ባልደረባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ንግድ ለብቻው ነው፤ ሽርሽርም ለብቻው ነው። ሚስቱን በአውሮፕላን አሳፍሮ የጃፓን አበባ ሊያሳይ የሚሄድ ሰው ‹ገዢ ልፈልግ ሄድሁ› ሊለን አይገባም» ሲሉ ተናገሩ። የማንንም ስም አልጠሩም። ነገር ግን በአዳራሹ ከተቀመጥነው መካከል ከባለቤቱ ጋር ጃፓን ደርሶ የተመለሰ ሰው ከእኔ በቀር ስላልነበረ፣ ቃሉ ለማን እንደ ተወረወረ ለመረዳት ብዙ መመራመር አላስፈለገም። በጉባኤ መካከል የታላቅን ሰው ቃል መቃወም ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ዝም አልሁ። አሁን ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ ላኪዎች፣ አስመጪዎችና ባለሱቆች መሆኑን በማሰብ፣ አሳቤን በዚህ ጋዜጣ ለአንባብያን ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ እኒህ ባልደረባ ከተናገሩት ቃል ግማሹ እውነት መሆኑን መመስከር ይገባኛል። የነጋዴ ቤት ሁለት ከረጢት አለው፤ አንደኛው የንግዱ ነው፤ ሁለተኛው የቤቱ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው መጀመሪያ ግብር ሰብሳቢውን፣ ቀጥሎ ሸሪኩን፣ በመጨረሻም ራሱን ያታልላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም የግል ወጪን ከንግድ ወጪ ጋር አይቈጥርም። በእኛ ጉዞ የእኔ ቲኬት፣ የቶኪዮው የሆቴል ሌሊትና የአስተርጓሚዋ ዋጋ በንግዱ መዝገብ ተጻፈ፤ የኪዮቶው ሌሊት፣ የመዝናኛው ባቡርና ለልጆች የተገዛው ዕቃ ከቤታችን ቁጠባ ተከፈለ። የባለቤቴ ቲኬት ግን አከራክሮን ነበር። የመጋዘናችን ኃላፊ እርሷ ናትና በንግዱ መዝገብ ቢገባ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ሐሜት ይቀርልኛል ብዬ ከቤቱ ከረጢት ከፈልሁ። እንደምታዩት ሐሜቱ አልቀረልኝም።

ጃፓን ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አገር አይደለችም። የወዳጅነትና የንግድ ውል በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመው በ1923 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደዚያ ተልከው ያዩትን ሁሉ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ በሚመጣው የጥጥ ጨርቅ ንግድ የጃፓን ፋብሪካዎች ሌሎቹን ቀድመው የአገራችንን ገበያ ይዘውት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጐበኙ፤ በኅዳር 1953 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ከልዕልት ሚቺኮ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያን ጊዜ «ሚስታቸውን ይዘው ለሽርሽር መጡ» ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጐዳና ያገኘው ድል እስከ ዛሬ ድረስ በሽማግሌ ጃፓናውያን ዘንድ አልተረሳም። እኛም በሄድንበት ሰሞን አንድ ሸበቶ የታክሲ ነጂ ከየት እንደ መጣን በሰማ ጊዜ፣ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ የሯጭ ምልክት እያሳየ «አበበ! አበበ!» ቢል፣ ባለቤቴ ደስታውን ትታ መሪውን እንዲይዝ ለመነችው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ታሪክ ነው። ነገር ግን ጥሩ ታሪክ ሰሊጥ አያሸጥም። ጃፓን ለምግቧና ለዘይቷ ከምትፈልገው ሰሊጥ ከመቶው 99 እጅ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ታስገባለች። ሆኖም ገዢዋ እንደ ሌላው አገር ገዢ አይደለችም። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የምግብ ደንቧ፣ ለአንድ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ተለይቶ የተወሰነ መጠን ከሌለ፣ በአንድ ኪሎ ምግብ ላይ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ እንዳይገኝ ያዛል። ይህን ቍጥር ወደ እኛ ቋንቋ ልመልሰው። በአንድ ኩንታል ሰሊጥ ላይ አንድ ሚሊግራም ማለት ነው፤ 19 ቶን በያዘ ኮንቴነር ላይ ደግሞ 190 ሚሊግራም፣ ማለት ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። አንድ ቈንጥር ዱቄት ሙሉ መኪና ጭነት ያስመልሳል። ለዚህም ምስክር ከተፈለገ የ2000 ዓ.ም. የቡና ነገር ይበቃል። በዚያ ዓመት ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የመድኃኒት ቅሪት አገኘሁ ብላ ግዢዋን ክፉኛ ቀነሰች፤ ጥርጣሬውም ከማሳው ይልቅ ቡናው ወደ ተጫነበት ጆንያ አመራ። የአርሶ አደሩ ልፋት በጆንያ ምክንያት ከሰረ ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ የቆላው ሰዎች ወዴት ነን? በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆ ያለ ነጋዴ ስለ ሰሊጥ ሲጠየቅ የማሳውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ የመኪናውን ኪራይ አንድ ሳያስቀር ይነግራችኋል። የሰሊጡ ፍሬ በመጨረሻ ከማን አፍ እንደሚገባ ግን አያውቅም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ ሳይደርሰኝ ይቀራል ከሚል ሥጋት ብዙ ሰው ተገላግሏል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመጋዘን የአንዱ ምርት ከሌላው ጋር ስለሚገናኝ፣ «ይህ የማን ማሳ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ መልስ የለም። በሌላ በኩል ጐረቤታችን ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከገባች ጀምሮ የጋላባት ንግድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ እንደሚዘጋ በር ሆኖብናል። በራሳችንም አገር መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ስለዚህ በሩቅ አገር ያለን ገዢ በአካል ማወቅ የቅንጦት ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እኔና ባለቤቴ የሄድነው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነበር። የራሳችንን ማሳ ምርት በራሳችን ስም ለመላክ አስበን፣ ከአንድ የቶኪዮ አስመጪ ጋር ለአንድ ዓመት ያህል ደብዳቤ ስንጻጻፍ ቆየን። ወሩን የመረጥነው አበባውን አስበን አይደለም፤ የአበባውን ወቅት ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ተሰብስቦ እስከ የካቲት አብዛኛው ጭነት ያልቃል፤ ለእርሻው ዝግጅት ደግሞ እስከ ግንቦት ጊዜ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከመጋዘን ውስጥ ሰውን ሲያባርር፣ ነጋዴው ቢሄድ የሚጐድል ሥራ የለም። የጃፓን መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ስለሚዘጋ ሰዎቹ ይቸኩላሉ እንጂ በቢሮአቸው ይገኛሉ። በዚያው ዓመት የማውቀው አንድ ነጋዴ ግን «ፋሲካን በቤቴ ሳልውል አልሄድም» ብሎ ሚያዝያ 22 ቀን ተነሣ። በዚያች ቀን ቀድሞ አገራችንን የጐበኙት ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ዙፋናቸውን ለቀቁ፤ ለዚሁም ምክንያት አገሩ በሙሉ ከሚያዝያ 19 እስከ 28 ቀን ለአሥር ቀናት በዓል ላይ ነበር። ወዳጄ በማግሥቱ ቶኪዮ ገብቶ ስድስት ቀን ሙሉ የተዘጉ በሮች ሲቈጥር ከረመ። ብቻውን ነበርና ለሽርሽርም ልብ አላገኘም። አንድም ሰው ሳያነጋግር፣ አንድም ነገር ሳያይ ተመለሰ።

ስለ ቪዛው ጥቂት ልበል፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራልና። የጋበዘው ድርጅት የግብዣና የዋስትና ደብዳቤ ይልካል፤ ከዚያም ጋር ተጓዡ በየቀኑ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚገልጽ ሰሌዳ ይቀርባል። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሥራውን ቀንና የመዝናኛውን ቀን ለይተን በግልጽ ጻፍን። የማይደበቅ ነገር ስለሆነ ማንም አልጠየቀንም። በሰሌዳው ላይ በተጻፈው መሠረት ሒሳቡንም መለየት ቀላል ሆነልን።

በቶኪዮ የሆነውን ስናገር ግን ጥፋቱ የእኔው ስለሆነ ማንንም አላማም። ከአስመጪው ቢሮ ስንገባ አራት ሰዎች ተሰልፈው ቆመው ጠበቁን። እያንዳንዳቸው የስም ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጐንበስ ብለው ሰጡኝ። እኔም የራሴን ሰጠሁ። ቀጥለው ወደ ባለቤቴ ዞረው በሁለት እጃቸው ሰጥተው፣ የእርሷን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። እርሷ ካርድ የላትም፤ እኔ አላሳተምሁላትም። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካርድ የሌለው ሰው በዚያ አገር ስብሰባ ላይ እንደ አጃቢ ይቈጠራልና፣ ውይይቱ ከእኔ ጋር ብቻ ቀጠለ። ናሙናውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንዱ ወጣት ሠራተኛ ከፍቶ አየ፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ መልሶ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አለቃው በትሕትና ፈገግ ብሎ ለአስተርጓሚዋ ጥቂት ቃል ተናገረ። እርሷም፣ በዚያ አገር የምትማር ኢትዮጵያዊት ወጣት ነበረች፣ «በሚገባ እናስብበታለን ብለዋል፣ ጋሼ» አለችኝ። ሻይ ጠጣን፤ እስከ ደጃፍ ሸኙን፤ የአሳንሰሩ በር እስኪዘጋ ድረስ ጐንበስ ብለው ቆሙ።

እኔ ከዚህ የበለጠ እሺታ ምን ይመጣል ብዬ በዚያው ሌሊት ወደ ገንዳ ውኃ ስልክ ደወልሁ። ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ሊገባ የተዘጋጀው 600 ኩንታል ባለበት እንዲቆይ አዘዝሁ፤ ጃፓኑ ይገዛዋልና። በዚያን ሰሞን የአገር ውስጡ ዋጋ ደኅና ነበር። የባንኩ ብድር ደግሞ በሚያዝያ 30 ቀን ይከፈላል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያዘዝሁት።

ሥራው አልቆ ቅዳሜ ወደ ኪዮቶ ወረድን። በፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ መስመሩ የተከፈተው በመስከረም 1957 ዓ.ም. አበበ በሮጠበት ዓመት ነው። ተማሪዋም የእረፍት ቀኗ ስለ ነበረ በእንግድነት አብራን መጣች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ምግብ አስቸገረን፤ በዚያ አገር አትክልት ነው የተባለው ወጥ ሳይቀር በደረቀ ዓሣ ውኃ ይበስላል። ልጅቷም አስባ አስባ፣ የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉት ሥጋም ዓሣም የሌለበት ማዕድ መኖሩን ነገረችንና በእሑድ ምሳ ወደዚያ ወሰደችን። ከቀረቡት ትናንሽ ሳሕኖች በአንደኛው ላይ እንደ አይብ የረጋ ነጣ ያለ ነገር ነበረ። ባለቤቴ ቀምሳው ቀና አለችና፣ «ይህ ሰሊጥ ነው» አለች። እውነትም ሰሊጥ ነበር። ሰሊጡን በደንብ ፈጭተው፣ ከአንድ ሐረግ ሥር ከሚወጣ ዱቄት ጋር በውኃ አዋሕደው ያረጉታል። ሌላ ቅመም የለበትም። ዘይትም ቅቤም የለበትም። በጾም የሰሊጥ ፍትፍት ለሚበላ የቆላ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የሰሊጡ መዓዛ ብቻ ነው የሚበላው።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ምግቡን ትታ ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ፣ «የተረፈውን ናሙና አምጣው» አለችኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ከፈተችው፤ አሸተተችው፤ ለእኔም ሰጠችኝ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። «ከየትኛው ጆንያ ቀዳኸው?» አለችኝ። «ከበሩ አጠገብ ካለው» አልኋት። በዚያ በኩል፣ ከመከር በፊት፣ ሰሊጡ ታስሮ ተከምሮ ሳለ ትኋን እንዳይበላው የሚነሰነሰው ዱቄት መድኃኒት ተቀምጦ እንደ ነበረ እርሷ ታውቃለች፤ እኔ አላወቅሁም። ናሙናውን ስቀዳ ደግሞ እርሷን አልጠየቅሁም። ወደ ተማሪዋ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ በመጨረሻ ያለው ምን ነበር? እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷም አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ቃሉ ‹እናስብበታለን› ነው። ነገር ግን እዚህ አገር ለእንግዳ ‹አይሆንም› ማለት ስለሚከብዳቸው በእርሱ ፈንታ ይህን ይላሉ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ስላየሁ ለመናገር ፈራሁ» አለች።

በዚያችው ሌሊት ዳግመኛ ደወልሁ። 600 ኩንታሉ ወደ ምርት ገበያው እንዲገባ፣ በበሩ አጠገብ የነበሩት ጆንያዎች ግን ተለይተው እንዲቆዩ ታዘዘ፤ ሁለተኛውን ትእዛዝ የሰጠችው ባለቤቴ ናት። ብድሩ በቀኑ ተከፈለ። ሦስት ቀን የዘገየ ትእዛዝ ስንት ያከስረኝ እንደ ነበረ ለነጋዴ አንባብያን መተንተን አያስፈልገኝም።

ማክሰኞ ወደ ቶኪዮ ተመልሰን፣ «ሩብ ሰዓት ብቻ ይስጡን» ብለን አስለመንን። ፈቀዱልን። በዚህ ጊዜ የተናገረችው ባለቤቴ ናት። ናሙናው የተበላሸው በእኛው መጋዘን መሆኑን፣ እንዴት እንደ ሆነም፣ ምንም ሳትሸፍን ነገረቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ሻይ አጠጥቶ የሸኘን አለቃ ያን ጊዜ ኮቱን አውልቆ ወረቀትና እርሳስ አቀረበ። አዲስ ጆንያ፤ መድኃኒት ከመጋዘኑ ውጭ፤ የየማሳው ምርት ለየብቻው፤ በየጆንያው ላይ ቍጥር፤ ናሙናው ከላይም ከመካከልም ከታችም የተቀዳ፤ ከጭነት በፊት የላቦራቶሪ ምርመራ። ሩብ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ደብዳቤ ውስጥ አልጻፈልንም ነበር። እኛም አልጠየቅነውም፤ የምንጽፍለት ስለ ዋጋ ብቻ ነበርና።

አሁን እኒያን የተከበሩ ባልደረባ ልጠይቅ። የእሑዱ ምሳ ንግድ ነው ወይስ ሽርሽር? በእኔ አሳብ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ዋጋውና ትሕትናው ነው። ገዢው ሰሊጡን ምን እንደሚያደርገው፣ ለምን ሽታውን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚበላው የሚታየው ግን በገበያው፣ በማዕዱ፣ በመንገዱ ላይ ነው። በኪዮቶ ኒሺኪ የሚባል ጠባብ ባለጣራ የገበያ መንገድ አለ፤ ርዝመቱ 400 ሜትር ያህል ሲሆን በግራና በቀኝ ከመቶ በላይ ሱቆች ተደርድረዋል። እዚያ ሰሊጥ በትንሽ ከረጢት፣ ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ የተቈላው ለብቻ፣ የተወቀጠው ለብቻ ሆኖ ሲሸጥ አየን። እኛ በኩንታል የምንጥለውን እነርሱ በግራም ይመዝኑታል። የሸክላ ሙቀጫቸው ውስጡ እንደ ማረሻ ትልም የተሰነጣጠቀ ነው። ጃፓኖች ሽንገላን «ሰሊጥ መውቀጥ» ይሉታል አሉ፤ ለእኛ ለሰሊጥ ሻጮች የተባለ ይመስላል።

ፉሺሚ ኢናሪ ወደሚባለው ቤተ መቅደሳቸውም ወጣን። የእህልና የንግድ ጠባቂ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ነጋዴዎችና ድርጅቶች በስለት ያቆሟቸው ቀይ በሮች በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ተራራውን ይወጣሉ፤ በየበሩ ጀርባ የሰጪው ስም ተጽፏል። እኛ በሃይማኖታችን ከደጅ ቆመን ብናይም፣ ስለትን የማያውቅ ነጋዴ የለምና ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። ከዚያ ስንመለስ ከአንድ የዕጣን ሱቅ ገባን። ከሚያዋሕዷቸው መዓዛዎች መካከል ባለቤቴ አንዱን አንሥታ አሸተተችና፣ «ይህ የእኛው ነጭ ዕጣን ነው» ብላ ሳቀች። እነርሱ ኒዩኮ ይሉታል። በመተማና በቋራ ጫካ ከሚደማው የዕጣን ዛፍ ይሁን ወይም ከሌላ አገር፣ ባለሱቁ ሊነግረን አልቻለም፤ ከጅምላ ሻጭ ነው የሚገዛው። ያን ዕጣን እስካሁን ወደዚያ አልላክንም። ግን የት በር እንደምናንኳኳ እናውቃለን።

ስለ ሴቶች የተነሣውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው። ቢከስርም የሚከስረው የሁለቱ ነው። ባልና ሚስት አብረው በዚህ በር ማለፋቸውም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ወደ መተማ ገበያ በደረሰ ጊዜ፣ በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ፍሎረንስ አብራው ነበረች። እኒያ ባልደረባችንም ቢሆኑ፣ የመጋዘናቸው ቍልፍ በማን መቀነት ላይ እንደ ተቋጠረ ገንዳ ውኃ የሚያውቀው ነው።

ይህን ስል ሁሉም ነጋዴ ሚስቱን ይዞ ይነሣ ማለቴ አይደለም። በንግዱ ውስጥ እጇ የሌለበትን ሚስት ለስብሰባ ማስቀመጥ እርሷንም ማሰልቸት፣ ገዢውንም ማሳሳት ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ሙሉ በሙሉ የቤቱ ከረጢት ዕዳ ይሁን። አነስተኛ ነጋዴም ለአንድ ኮንቴነር ብሎ ይህን ያህል ወጪ ቢያወጣ ትርፉን አስቀድሞ በላው ማለት ነው። እርሱ ከሁለት ሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ተባብሮ አንድ ሰው ይላክ፤ ወይም በአዲስ አበባ ባለው በጃፓን የውጭ ንግድ ድርጅት በጄትሮ ቢሮ ጠይቆ ይጀምር። በየዓመቱ በመጋቢት ገደማ በቶኪዮ አካባቢ የሚደረገው ፉዴክስ የተባለ የምግብ ንግድ ትርኢትም ብዙ ገዢዎችን በአንድ አዳራሽ ያሳያል። ወጪውም ቢሆን ከእኛ ጊዜ ይልቅ ከብዷል፤ ለውጭ አገር መንገደኞች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ቲኬት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከ30,000 የን በታች ከነበረው ወደ 50,000 የን ዘልሏል። ለሁለት ሰው ሲሆን እጥፍ ነው፤ ይህን ማንም አይሰውር።

የእኛ ነገር እንዴት ሆነ ለሚለኝ፣ በጥር 2012 ዓ.ም. አንድ ኮንቴነር ጫንን፤ ምርመራውን አለፈ። አንድ ኮንቴነር ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ በሽታው መጣ፤ ጦርነቱም መጣ፤ የሁለተኛው ጭነት ነገር በደብዳቤ ላይ ቀረ። ደብዳቤው ግን አልተቋረጠም። የሚጻፈውም እንደ ቀድሞው ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ትኋኑ፣ ስለ መንገዱም ጭምር ይጠይቁናል፤ እኛም የሆነውን እንጽፋለን።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የግብዣውን ደብዳቤ ከጥር በፊት ይጠይቅ፤ ከሚያዝያ 20 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ግን ይሽሽ። ካርዱንም ከመሄዱ በፊት፣ ለሁለቱም፣ በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ ያሳትም። ባለቤቴ ከተመለስን በኋላ 200 አሳትማ እስካሁን 31ዱን ሰጥታለች።